የበየደ ይወርዳል

ባለፈው መስከረም የብየዳ ጭንብሌን ሚስማር ላይ ሰቅዬ ተውሁት። ዓይኔ ከእሳቱ ጋር አርባ ዓመት ሲሟገት ኖሮ ተረታ፤ ጆሮዬም መሰናበት ጀምሯል። ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን የሥራ ቤቴን ለከተማው ወጣት በያጆች ለማስረከብ ስስማማ፣ “ጋሼ ማሩ፣ በርክክቡ ቀን የሥራ ዘመንዎን ትዝታ ጽፈው ያነቡልናል” አሉኝ። ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሁኖ ስለ ራስህ አውራ ሲሉት የማይደሰት የለም።

ተቀምጬ መጻፍ ስጀምር ግን ብዕሬ አንዲት መኪና ጋ እየደረሰ ይቆማል። ስለ ቤተ ክርስቲያን በሮች፣ ስለ ወፍጮ ቤቶች፣ ስሜን ተራራ ላይ ጨነቅ ለሚያድሩ እንግዶች ስለሠራሁት ምድጃ ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ እጄ ወደዚያች መኪና ይሄዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ለማንም ሳልነግር የኖርሁት ነገር አለኝ። እሱን ዘልዬ የምጽፈው ትዝታ ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ቢሆንም ሰው ወደ እፍረቱ በቀጥታ መሄድ አይሆንለትምና ትንሽ ልዙር።

ሥራ የጀመርሁት ዳባት አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። አለቃችን የመበየጃውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ቆጥሮ የሚሰጥ፣ ቁራጩንም ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ነበር። ከእሱ የተማርሁት ኤሌክትሮድን እስከ ጫፉ ማንደድና ጣትን ማቃጠል ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ሌላ የሚነገርለት ነገር የለውም። ካምፑ ሲነሣ ወፍጮ ቤት ገባሁ። እዚያ ሦስት ዓመት ዱቄት ስተነፍስ ቆይቼ አንድ ቀን የወፍጮው እግር ተሰበረና በየድሁት። በማግሥቱ ከብየዳው ጎን ተሰነጠቀ። ደግሜ በየድሁት፤ ደግሞ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ባለቤቱ ሳቀብኝና፣ “ተወው፤ ደባርቅ ለአዛናው ውሰድለት” አለኝ። ብረቱን በአህያ ጭኜ ሄድሁ። ብረቱ ተጠግኖ ተመለሰ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ጋሼ አዛናው የደረስጌ ሰው ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው፣ ደወል ሲደውሉ ያደጉ ናቸው። ከዜማ ቤት እንዴት ወደ ብረት መጡ ሲባሉ፣ “ብረት ይሻላል፤ ሲያጠፉበት ወዲያው ይናገራል” ይላሉ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ኤሌክትሮድ አይነኩም። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ አይናገሩም፣ ሰውም አያናግሩም። ባለመኪና መጥቶ “ቶሎ በሉልኝ” ሲላቸው፣ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብለው በርጩማ ይሰጡታል።

ወፍጮ ቤት ሳለሁ ያዋረደኝን የዚያን ብረት ጠባይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ካስት እንለዋለን፤ የሞተርና የካምቢዮ ገላ የሚሠራው በእሱ ነው። ሲያዩት ጠንካራ ነው፣ ጠባዩ ግን የአኩራፊ ነው፤ በድንገት ቢሞቅም ይሰነጠቃል፣ በድንገት ቢቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። ጋሼ አዛናው በከሰል ፍም ቀስ አድርገው ያሞቁታል። ከዚያ የአንዲት ጣት ርዝመት ይበይዱና፣ አንዲት ትንሽ መዶሻ አለቻቸው፣ በእሷ ብየዳውን ኳኳ ኳኳ ያደርጉታል፤ ይጠብቃሉ፤ እንደገና አንዲት ጣት። ሲያልቅ ትኩስ አመድ በሞላው በርሜል ውስጥ ይቀብሩታል። አመዱን ከየጎረቤቱ ነበር የምናመጣው። የሰፈሩ ሴቶች “የአዛናው አመድ” እያሉ ለብቻ ያስቀምጡልን ነበር። የተቀበረ ካስት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይሞላው አይወጣም። የደባርቅ ነፋስ ሰውንም ይሰነጥቃል፣ እንኳን የጋለ ብረት።

ሲወጣ በሽቦ ከጣሪያው እንጨት ላይ ያንጠለጥሉትና በዚያች መዶሻ መታ ያደርጉታል። ጤነኛ ካስት ይደውላል፤ ድምፁ ጥቂት ቆይቶ ነው የሚሞት። የተሰነጠቀ ከሆነ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ድፍን ይላል፣ ወዲያው ይሞታል። ስንጥቁ በዓይን ባይታይም ድምፁ አይደበቅም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። የበየደ ይወርዳል ይላሉ። መኪና ጠግነን ስናበቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርድ የበየደው ሰው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ አብሮ ይወርዳል። ያኔ አስፋልቱ አልገባም፤ ጠጠሩ ያንሸራትታል፣ ከጎማው ጥግ ገደሉ ይታያል። “አንተ የማትቀመጥበት ላይ የሰው ልጅ አታስቀምጥ” ይሉኝ ነበር። ስንት ጊዜ ወርጄ ስንት ጊዜ በሰው መኪና ለምኜ እንደ ወጣሁ እግዜር ይቁጠረው። መጀመሪያ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምወርድ። በኋላ ግን ከሥራው ሁሉ የምወደው እሱን ሆነ።

አብሬያቸው ከሠራሁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጋሼ ብረቱን ይመቱና የሚያዩት ፊቴን ነው። አንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርገው፣ “ማሩየ፣ ጆሮዬ ሂዷል። መዶሻው በላው። ለሰው አትንገርብኝ፤ ከእንግዲህ አንተ ስማልኝ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ይመታሉ፣ “ድምፁ እንዴት ነው?” ይላሉ፣ እኔ “ይደውላል” ወይም “አይደውልም” እላለሁ፤ ከንፈሬን አይተው ይቀበሉኛል። ከጎንደር እስከ ቆላው ሾፌሩ ሁሉ “የአዛናው ጆሮ” እያለ ሲያወራ፣ ጆሮው የኔ ነበር። ይህን ማወቄ አናቴ ላይ ወጣ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ፈንታሁን የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ነገረኛ፣ ገንዘቡን በሙሉ በብረት የጨረሰ ሰው። አንዲት አሮጌ ጂፕ ከየት እንደሆነ ጎትቶ አመጣና፣ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር አስቀምጡባት አለን። “እንደሷ ያለ መኪና ከጎንደር አስመራ የማይገኝ አርጉልኝ” አለ። ጣሪያዋን ቆርጠን ጣልን፣ በሮቿን አወጣን። ሞተሩ በጂፕ ክዳን ሥር ስለማይገባ ክዳን ከለከልናት፤ ሞተሩ ደረቱን ገልጦ ይታያል። የጭሱን ቱቦ ግራና ቀኝ ወደ ላይ አወጣነው። ፊቷን ቀይ ቀባናት። የደባርቅ ሰው ስም ለማውጣት ቀን አይፈጅበትም፤ ደረተ ቀዩን የስሜን ዝንጀሮ አስታውሶ “ጭላዳ” አላት። ሕዝቡ ጥዋት ማታ በራችን ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

ችግሩ ሞተሩና ካምቢዮው የአንድ እናት ልጆች አለመሆናቸው ነው። የቡሎን ቀዳዳቸው አይገጥምም። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበትን የካስት አንገት ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ቆርጠን አንድ አድርገን መበየድ ነበረብን። ሞተሩ ጎማውን የሚያዝዘውም፣ ቁልቁለት ላይ መኪናዋን ይዞ የሚያስቀርም በዚያ አንገት በኩል ነው። ጋሼ ሦስት ቀን ሲለኩ፣ ሲሞርዱ ቆዩ። መበየዱ ብቻ ሲቀር የእህታቸው ተዝካር ደረሰና ወደ ደረስጌ ሊሄዱ ተነሡ። “አንገቱን ስመለስ እንበይደዋለን፤ እስከዚያ አትንካው” ብለውኝ ሄዱ።

ፈንታሁን ደግሞ እሑድ ዳባት ላይ የእህቱ ሠርግ ነበረበት፤ ሙሽሪትን በጭላዳ ሊያመጣ ለአገሩ ሁሉ ተናግሯል። ሐሙስ ጥዋት መጥቶ በራፉ ላይ ተቀመጠ። “አንተ እኮ ትችለዋለህ፤ አዛናው አርጅቷል፤ ሥራው ሁሉ ያንተ መሆኑን የማያውቅ አለ እንዴ?” አለኝ። ለምኖኝ ቢሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር። እሱ ግን አሞገሰኝ።

በየድሁት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያምር ብየዳ ሠርቼ አላውቅም፤ እንደ ጥሩ ሹሩባ የተስተካከለ ነበር። በቀትር አመድ ውስጥ ቀበርሁት። እስከ ዓርብ ቀትር መቆየት ነበረበት። ዐሥር ሰዓት ላይ ፈንታሁን ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣና፣ “እስቲ አሳያቸው” አለ። አሳየኋቸው። በጉጠት ይዤ ከአመዱ ሳወጣው ገና ይፋጃል። ሰዎቹ ከበው ሲያደንቁ በሩን ነፋሱ በረገደው፤ ያኔ አንዲት ድምፅ ሰማሁ። ጥቅ አለች። ከእኔ በቀር ልብ ያላት የለም። እኔ ግን ያችን ድምፅ ከወፍጮ ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ፈለግኋት። ከብየዳው ጥግ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ናት። የሚገባኝ ብየዳውን ሙሉ በሙሉ ፈልፍዬ አውጥቼ እንደገና መጀመር ነበር፤ ያ ደግሞ ሁለት ቀን ነው፣ ሠርጉ ያልፋል፣ የፈንታሁን ሙገሳም አብሮ ያልፋል። በላይዋ አንድ ስስ ብየዳ አለበስኋትና በግራይንደር ፈግፍጌ አለሰለስሁት። ዓይን የሚያገኘው ነገር አልቀረም።

ዓርብ ጥዋት ጋሼ አዛናው ደረሱ። ሳይጠብቁኝ በመበየዴ ቅር አላቸው፤ ብየዳውን በጣታቸው ሲዳስሱት ግን ፊታቸው ፈካ። “ቀኑን ሞልተህለታል?” አሉኝ። “ሞልቻለሁ” አልሁ። በሽቦ አንጠለጠሉትና ትንሿን መዶሻ አነሡ። ፈንታሁን አጠገባችን ቆሟል። መቱት። ድፍን አለ። ከመሬት በታች እንደሚመታ ነገር ድፍን ብሎ ወዲያው ሞተ። ጋሼ አዛናው ወደ ከንፈሬ ዞሩና፣ “ድምፁ እንዴት ነው?” አሉኝ።

“ይደውላል” አልሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ወለምታም አልነበረም፤ አስቤ ነው የተናገርሁት። “እግዚአብሔር ይስጥህ” ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዚያው ሰዓት ሞተሩና ካምቢዮው ተገጣጠሙ። ከሰዓት በኋላ ጭላዳ ስትነሣ ጩኸቷ ውሻውን ሁሉ አስበረገገ፤ ሰው አጨበጨበ። አሁን የቀረው ሊማሊሞ ነው። የበየደ ይወርዳል፤ የበየድሁ ደግሞ እኔ ነኝ።

“ሆዴን ቆርጦኛል” አልሁ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ሁሉ ብያለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ጋሼ አዛናው በሐዘኔታ አዩኝና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። “ይሁን፤ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ፣ እኔ እወርዳለሁ” አሉ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ፈንታሁን እስኪያዞር ድረስ ቆሜ አየሁ። “ቁሙ” ለማለት ሁለት ፊደል ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ጊዜም ነበረኝ። ምናልባት ይችል ይሆናል፣ ምናልባት ካስቱ ይታገሣል እያልሁ ቆሜ ቀረሁ። በኋላም የተመለስሁት ወደ ቤቴ ነበር፤ ሆዴን ታመምሁ ብያለሁና መተኛት ነበረብኝ።

የሆነውን የነገረኝ ፈንታሁን ነው። ከላይ ያሉትን መጠምዘዣዎች ደህና ወርደዋል። ቁልቁለቱ ሲጠና ካምቢዮውን ወደ ኃይለኛው ማርሽ ሲመልስ አንገቱ በብየዳው ጥግ ለሁለት ተከፈለ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ፣ መኪናዋን የሚይዛት ጠፋ። ፍሬኑ እስኪግል ድረስ ረግጦ አልበቃ ሲለው፣ ገደሉን ትቶ ወደ ተራራው ወገን መሪውን ጠመዘዘና ከዐለቱ አላተማት። የሱ የደረቱ አጥንት ተሰበረ። ጋሼ አዛናው በር በሌላት መኪና ቀኝ እጃቸውን ውጭ ይዘው ነበር፤ እጁ በዐለቱና በብረቱ መካከል ገባ። ሦስቱ ጣቶች እዚያው ቀሩ።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ግቢ ግማሽ ደባርቅ ተሰብስቦ ነበር። ጋሼ አዛናው እጃቸው ተጠቅልሎ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲያይ አዩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። “ማሩን አትዩብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጆሮዬ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብቄያችሁ ነው። ስንጥቁ ረቂቅ ቢሆን ነው ልጁ ያልለየው፤ የዱሮው ጆሮዬ ቢኖር ይለየው ነበር። ደንቆሮ ሁኜ ብረት ማሳለፍ አልነበረብኝም።” እኔ አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬት አየሁ። አንገቴን መድፋቴን ያዩ ሰዎች እንዳዘንሁ ቆጥረውልኝ አጽናኑኝ።

በወሩ መሣሪያውን ሁሉ፣ ትንሿን መዶሻ ጭምር፣ ለእኔ ሰጥተው ወደ ሚስታቸው አገር ወደ ዳባት ገቡ። ብረት የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነኩም። ሾፌሩ ሁሉም ቀስ በቀስ “የአዛናው ጆሮ” ማለቱን ትቶ “ደንቆሮው አዛናው” ማለት ጀመረ። በሠርግም በለቅሶም ይህ ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አፌን አልከፈትሁም። ሥራ ቤቱ የማሩ ተባለ። ካስት ሁለት ቀን ሙሉ አመድ ውስጥ ማቆየት ጀመርሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊማሊሞን በሚወርደው መኪና ሁሉ ወረድሁ። ሰዎች “እንደ ማሩ ያለ ጥንቁቅ የለም” እያሉ ሲያመሰግኑኝ ኖሩ። እነዚያ ምስጋናዎች ናቸው ከሁሉ የሚያሳፍሩኝ። የተሰበረውን የአንገቱን ግማሽ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር በጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር፤ ልጥለውም ላየውም አልቻልሁም።

አምና ጥር ላይ አንድ የበየድሁትን የካስት ሞተር ገላ በሽቦ አንጠልጥዬ መታሁት። ምንም አልሰማሁም። ብረቱ የተሰነጠቀ መስሎኝ ደጋግሜ መታሁ፤ ከወጣቶቹ በያጆች አንዱ በበሩ ሲያልፍ፣ “ጋሼ፣ እንዴት ያምራል፣ ይደውላል እኮ” አለኝ። ከንፈሩን ነበር የማየው። ይህ ሰው ዋሽቶኝ ቢሆንስ ብዬ አሰብሁ፤ ወዲያውም ቁጭ አልሁ። ጋሼ አዛናው በዚያች ዓርብ ጥዋት ምን አደራ እንደ ሰጡኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት ዳባት ሄድሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ የተሰበረውን ብረት ተሸከምሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ ጆንያውን ገፈፍሁት፣ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት፣ ትንሿን መዶሻ ለመመለስ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ብቻቸውን አገኛቸዋለሁ፣ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ግቢያቸው ስገባ ግን ቀኑ የሚካኤል ማኅበር ሁኖ፣ ተራውም የሳቸው ሁኖ፣ ቄሱን ጨምሮ ሃያ የሚያህል ሰው ጠላ ይዞ ተቀምጧል። ወደ ኋላ ልመለስ አሰብሁ። አዩኝ።

“ማሩየ ነህ? ምን ተሸክመህ ነው?” አሉ ጋሼ አዛናው። ደጃፉ ላይ ተንበረከክሁና አንገቴን ደፍቼ ዝግ ባለ ድምፅ ነገርኋቸው።

“ምን አልህ? ጮክ በል።”

ደገምሁት። እጃቸውን፣ ሁለት ጣት የቀረውን እጃቸውን፣ ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ። “አልሰማሁህም እኮ፤ ጮክ በል እንጂ።” ሚስታቸው፣ “ካልጮኹላቸው አይሰሙም፤ ምን ያሾካሹክሃል?” አሉኝ።

“ድፍን ነበር!” ብዬ ጮኽሁ። “የዚያን ቀን ብረቱ አልደወለም! ከአመዱ ያለ ቀኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ! ሰምቼ ነው የዋሸሁዎ! ሆዴንም አላመመኝም!”

“ጆሮህ ለይቶት ነበር?” አሉ ጋሼ አዛናው።

“ለይቶት ነበር!”

“እንግዲያው የጆሮ ነገር አይዶለማ፤ የአፍ ነው” አሉ። ጆሯቸውን በዚያች እጃቸው ደባበሱት። “ሃያ ሁለት ዓመት ስረግመው ኖርሁ።”

ቄሱ፣ “ጋሼ አዛናው፣ ይቅር ይበልህ በሉትና ያውርድ፤ ሸክሙ ከባድ ነው” አሉ። ጋሼ አልሰሟቸውም፣ ወይም ያልሰሙ መስለዋል። “መዶሻዬን ይዘሃል?” አሉኝ። አወጣሁላቸው። በግራ እጃቸው ተቀብለው ተነሡና ትከሻዬ ላይ ያለውን ብረት መታ አደረጉት። ድምፁን በጆሮዬ አይደለም፣ በአጥንቴ ነው የሰማሁት። ጎንበስ ብለው ከንፈሬን አዩ።

“ድምፁ እንዴት ነው?”

“አይደውልም፣ ጋሼ” አልሁ።

“ጮክ በል።”

“አይደውልም!”

“አሁን አውርደው” አሉኝ። አወረድሁት። ማኅበርተኛው በአንድ አፍ “ይቅር ይበልህ” አለ፤ ሚስታቸው ጠላ ሰጡኝ፣ ጋሼ አዛናውም ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ አስፋልቱና ስለ ዘንድሮ ገብስ ተጨዋወትን። ልሄድ ስነሣ፣ “ለደባርቆቹም እንዲሁ ጮክ ብለህ ንገራቸው” አሉኝ። መዶሻዋን ግን መልሰህ ውሰዳት አላሉኝም።